የመንግሥት ጀበና

አከራዬ እማማ ሁለት ዓመት ሙሉ ኪራይ አልጨመሩብኝም። ምክንያቱ ኬሚስትሪ ነው። ለእሳቸው በኬሚስትሪ ማስተርስ የሚማር ሰው ነገ መድኃኒት ቤት የሚከፍት ሰው ነው፤ የግፊት ኪኒናቸው ጉዳይ ከእንግዲህ እንዳለቀለት ቆጥረውታል። እኔም አላስተባበልኩም። አራት ኪሎ አካባቢ ኪራይ ስንት እንደገባ የምታውቁ አትፈርዱብኝም።

ግቢያችን ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ሲወረድ ነው። ማታ ማታ ቡና አለ። ቡናው ላይ ደግሞ ጥያቄው ሁሌ አንድ ነው። "አሁንስ ምን ቀረህ?"

ምን እንደቀረኝ ለማስረዳት ከሥሩ መነሳት ነበረብኝ። መጀመሪያ የመጀመሪያ ዲግሪ ያስፈልጋል። አለኝ። ግን አለኝ ብትል ማን ያምንሃል፤ የተማርክበት ዩኒቨርሲቲ ራሱ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት በታሸገ ፖስታ መላክ አለበት፣ ፖስታው እንዲንቀሳቀስ ደግሞ የወጪ መጋራቱ ነገር ፈር መያዝ አለበት፣ እሱን ፈር ለማስያዝ የሚኬድባቸውን ቢሮዎች ብዘረዝር ቡናው ይቀዘቅዛል። ቀጥሎ ጋት የሚባለው የመግቢያ ፈተና አለ። ስለ አቶምና ሞለኪውል እጠየቃለሁ ብለህ ትገባለህ፣ አምስት ሰዎች ክብ ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል፣ ከአልማዝ በስተቀኝ ያለው ማን ነው ይልሃል።

"አልማዝ የማን ልጅ ናት?" አሉ እማማ።

አንደኛው ዓመት ኮርስ ነው። ጂፒኤ ከ3.00 በታች ከወረደ ጣጣ አለው። አልወረደም፤ እንዴት እንዳልወረደ እኔና የፊዚካል ኬሚስትሪ አስተማሪዬ ብቻ እናውቃለን። ሁለተኛው ዓመት ቴሲስ ነው። የእኔ ርዕስ ቡና ነበር። አቦል፣ ቶና እና በረካ ውስጥ ስንት ስንት ካፌይን አለ?

ይህን ስነግራቸው እማማ ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

"አቦል ይበልጣል። ከዚያ ቶና። በረካ ለልጅ ይሰጣል። ሌላስ ምን ቀረህ?"

በቁጥር መሆን እንዳለበት ለማስረዳት ሞከርኩ። የካፌይንን ታሪክ ሁሉ አመጣሁ። በፈረንጆቹ 1819 አንድ ስመ ጥር ጀርመናዊ ባለቅኔ፣ ሩንገ ለሚባል የ25 ዓመት ወጣት ኬሚስት ጥቂት የቡና ፍሬ ሰጥቶ እስቲ ይህን መርምር አለው፣ ልጁም መርምሮ ካፌይንን ለየ። ፕሮፖዛል የለ፣ ኤክስተርናል የሚባል የውጭ ፈታኝ የለ፣ ደረሰኝ የለ። በቃ ቡና ሰጡት፣ ሠራ። ታሪኩ ለእኔ ዓይን የሚያስለቅስ ነው። እማማ ግን ሌላ ነገር ነው የጠየቁኝ።

"አንተስ ቡናውን በምንድን ነው የምታፈላው?"

"በቢከር። ብርጭቆ ነገር ነው፣ እሳት ይችላል።"

ለረጅም ጊዜ ሳቁ። ጎረቤት ጠርተው አሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ያልተማረ ሰው ሳይንስ አይገባውም ብዬ። በሳምንቱ ፕሮፖዛሌን ሳቀርብ ከገምጋሚዎቹ አንዱ መነጽሩን አውልቆ፣ "ርዕስህ በባህላዊ አፈላል ይላል፤ ታዲያ ጀበናው የታለ?" አለኝ። ቃል በቃል የእማማ ጥያቄ ነው። አሁንም ተዋውቀው ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ።

ሾላ ገበያ ወርጄ በ120 ብር ጀበና ገዛሁ። ሻጯን ደረሰኝ ስላት ከእማማም ብሳ ሳቀች።

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። ጀበናውን ሆት ፕሌት ላይ ጣድኩ፣ ቴርሞሜትር በአንገቱ አስገባሁ። ውሃው ይፍለቀለቃል፣ ቴርሞሜትሩ 92 ላይ ቆሟል። አልንቀሳቀስም አለ። ተበላሽቷል ብዬ ቴክኒሻኑን ጠራሁ። አየኝ፣ ጀበናውን አየ፣ መልሶ አየኝ። "ወንድሜ፣ ይሄ አዲስ አበባ ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ ያለህ መሰለህ?" ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ውሃ 100 ሳይደርስ እንደሚፈላ ሰባተኛ ክፍል ሳልሆን አልቀርም የተማርኩት። አፍሬ ሳልጨርስ ቡናው በአንገቱ ገንፍሎ ሆት ፕሌቱ ላይ ተንጫጫ።

ከዚያ ሽታው ወጣ። የቡና ሽታ ኮሪደር ሲይዝ የሚያቆመው የለም። በር ላይ መጀመሪያ ሁለት ተማሪ፣ ቀጥሎ የጽሕፈት ቤቷ ልጅ፣ ቀጥሎ ስሙን የማልጠራው አንድ ዶክተር መጡ። "ናሙና ነው" አልኩ። "እናውቃለን" አሉ። ላብ ውስጥ መብላትና መጠጣት ክልክል ነው ከሚለው ጽሑፍ ሥር ቆመው አቦሌን ጨረሱት። ዶክተሩ ትንሽ ቀጥኗል አለኝ።

እያንዳንዱ ልኬት ሦስት ጊዜ መደገም አለበት። አቦል ሦስቴ፣ ቶና ሦስቴ፣ በረካ ሦስቴ። እያንዳንዱን ዳይክሎሮሜቴን ከሚባል ፈሳሽ ጋር እየናጡ ካፌይኑን ማውጣት ነው፣ ከዚያ በ275 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃን ምን ያህል እንደሚውጥ ማንበብ። የማንበቢያው ላምፕ ተቃጠለና ተተኪው እስኪመጣ አራት ወር ጠበቅሁ። ስለ እሱ ባልናገር ይሻላል። በመጨረሻ ውጤቱ ወጣ፤ አቦል ይበልጣል፣ ከዚያ ቶና፣ ከዚያ በረካ። ዲፌንሱን በቬሪ ጉድ አለፍኩ።

"አሁንስ ምን ቀረህ?"

ክሊራንስ። ቴምፖ የሚባለውን ጊዜያዊ የዲግሪ ወረቀት ለመውሰድ ከማንም ዕዳ ነፃ መሆን አለብህ። ላይብረሪ ፈረመ፣ ሬጅስትራር ፈረመ። ንብረት ክፍል ስደርስ ሰውየው መዝገቡን በምራቅ እያገላበጠ ቆየና ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ። "ጀበና፣ ሸክላ፣ ጥቁር፣ ብዛት 1።"

ለካ ያኔ ፋይናንስ ደረሰኝ የለውም ብሎ ብሬን ሲከለክለኝ፣ ንብረት ክፍል ግቢ የገባ ዕቃ ነው ብሎ በሞዴል 19 ተቀብሎ በሞዴል 22 ለእኔ አስረክቦኛል። ፋይናንስ የማያውቀውን ጀበና ንብረት ክፍል አሳምሮ ያውቀዋል። ጀበናው ደግሞ አንገቱ ከተሰበረ ሦስት ወሩ ነው።

"በገንዘብ ልተካው" አልኩ።

"ዋጋው ስንት ነው?"

"120 ብር።"

"ደረሰኙን አሳየኝ።"

ዝም አልኩ። በዓይነት እንድተካ ተወሰነ። ሰዓቱ አልፏል፣ ሾላ ሩቅ ነው፣ ሬጅስትራር ነገ ዝግ ነው። ሮጬ ግንፍሌ ወረድኩ። እማማ ምንም አላሉም፤ የራሳቸውን ጀበና ከረከቦቱ ላይ አንስተው በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። ስንት ዓመት ቡና የፈላበት፣ የተሟሸ፣ ሆዱ እንደ መስታወት የሚያበራ ጀበና። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ፈትቶ አየው፣ አንገቱን አሸተተ። ፊቱ ተለወጠ። ምንም ሳይጠይቀኝ ፈረመ።

ቴምፖዬን ይዤ በንብረት ክፍሉ በር ሳልፍ ቡና ይሸታል።

እማማ ጀበናቸውን እስካሁን ይጠይቁኛል። የመንግሥት ንብረት ሆኗል ስላቸው አይገባቸውም። ኪኒኑም እንደማይመጣ ነግሬያቸዋለሁ። ከመስከረም ጀምሮ ኪራዩ ላይ ሁለት ሺህ ብር ጨምር ብለውኛል። ደረሰኝ አልጠየቅኳቸውም።