በእንግድነት ገብተን ባለቤቱን ስናማ

እዚህ ካናዳ፣ ዊኒፔግ ከተማ፣ አንድ የክርስትና ድግስ ላይ ነው። ቶናው ተቀድቷል። ወሬው ከልጆች ትምህርት ወደ ቤት ኪራይ ዞረ። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ አባት ሁለት ቤት ያከራያሉ። "አንዱ ቤዝመንት (ምድር ቤቱ) ባዶ ነው" አሉ። "ግን ለእነሱ አላከራይም።" እነማን እንደሆኑ ማንም አልጠየቀም። ሁሉም ገብቶታል። አንዲት እህት ቀበል አድርጋ፣ "መንግሥት ቤት ይሰጣቸው የለ እንዴ? ግብር አይከፍሉ፣ ሥራ አይሠሩ" አለች። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ስኒዬን ይዤ ዝም አልኩ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ያ ዝምታ እንቅልፍ ነሳኝ።

"እነሱ" የተባሉት የካናዳ ነባር ሕዝቦች ናቸው። ፈርስት ኔሽንስ፣ ሜቲስ (ከነባሮቹና ከአውሮፓውያን የተወለዱት) እና ኢኑዊት (የሰሜን ዋልታ አካባቢ ሕዝብ)። በ2021 ቆጠራ 1.8 ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ ከአገሪቱ ሕዝብ 5 በመቶ ማለት ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ብዙዎቻችን ሁሉም ሩቅ ገጠር፣ ሪዘርቭ በሚባለው ለፈርስት ኔሽንስ በተከለለ መሬት ውስጥ የሚኖሩ ይመስለናል። ከ800 ሺህ የሚበልጡት ግን ትልልቅ ከተሞች ውስጥ ናቸው። ከከተሞቹ ደግሞ ዊኒፔግን የሚያህል የለም። እዚህ ብቻ ከ100 ሺህ በላይ አሉ። አውቶቡስ ላይ አጠገባችን የሚቀመጡት፣ ልጆቻቸው ከልጆቻችን ጋር የሚማሩት እነሱ ናቸው።

የግብሩን ነገር ላስቀድም፤ በየድግሱ የምሰማው እሱን ነውና። ከገቢ ግብር ነፃ የሚሆነው፣ በመንግሥት መዝገብ የሰፈረ የፈርስት ኔሽን ሰው ሪዘርቭ ላይ የሚያገኘው ገቢ ነው። ሜቲስና ኢኑዊትን ይህ ሕግ አይመለከታቸውም። ከተማ ውስጥ ተራ ድርጅት የሚሠራ ሰው ቼኩ ላይ እንደ እኔና እንደ እናንተ ይቆረጥበታል። "ቤት ይሰጣቸዋል" የሚባለውም እንደዚያው ነው። ከተማ የገባ ሰው ቁልፍ የሚያስረክበው የለም። ኪራይ ይፈልጋል፣ ይደውላል፣ "ተይዟል" ይባላል።

ኑሯቸው ከባድ መሆኑን ማንም አይክድም። በአገር ደረጃ በ2020 ከመቶ 19 ያህሉ በዝቅተኛ ገቢ ይኖሩ ነበር። በሌላው ሕዝብ ይህ ቁጥር 11 አይሞላም። ከፍተኛ እድሳት የሚያስፈልገው ቤት ውስጥ የሚኖሩት ከመቶ 16 ናቸው፤ ሌላው ጋ ከ6 በታች። ጥያቄው ለምን የሚለው ነው። እኛ "ስንፍና" ብለን በአንድ ቃል ዘግተነዋል።

እኔም ለዓመታት ዘግቼው ነበር። የከፈተልኝ ውሃ ነው። ለቡናችን ጀበና ውስጥ የምንጨምረው ውሃ ከየት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ? ከ150 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት፣ ሾል ሌክ ከሚባል ሐይቅ ነው። ዊኒፔግ ከ1919 ጀምሮ ትጠጣዋለች። ቦዩ ሲቆፈር በሐይቁ ዳር የሚኖረው ሾል ሌክ 40 የተባለው የፈርስት ኔሽን ማኅበረሰብ ከዋናው መሬት ተቆርጦ ቀረ። መንገድ አልነበረውም። ያ ሁሉ ውሃ እያለው፣ ከ1997 እስከ 2021 ድረስ የቧንቧ ውሃውን ሳያፈላ መጠጣት አይችልም ነበር። 24 ዓመት። መንገድ የተሠራለት በ2019 ነው። ከእንደዚህ ዓይነት ቦታ ሥራ፣ ትምህርትና ሐኪም ፍለጋ ከተማ የሚገባን ሰው "ለምን መጣ?" ማለት አንችልም። እኛም የመጣነው ለዚያው ነው።

ከተማው ሲገባ ደግሞ ምን ጠበቀው? በ1876 የወጣው የኢንዲያን ሕግ ነባሩን ሰው እንደ ልጅ ነበር የሚያየው። በአንድ ወቅት ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ሰው ከመዝገቡ ይሰረዝ ነበር። ከመዝገቡ ውጪ የሆነ ባል ያገባች ሴት እስከ 1985 ድረስ ትሰረዝ ነበር። ከ1927 እስከ 1951 የመሬት መብቱን ለማስከበር ጠበቃ መቅጠር እንኳ ተከልክሎ ነበር። ተምሮ ሰው መሆን ማለት ማንነትን አስረክቦ መውጣት ነበር።

ዊኒፔግ ራሷ ሩስተር ታውን የሚባል ሰፈር ነበራት፤ ዛሬ የግራንት ፓርክ የገበያ ማዕከል ባለበት አካባቢ። ሜቲሶች በራሳቸው እጅ ቤት ሠርተው ከ1901 ጀምሮ ይኖሩበት ነበር። ውሃና ፍሳሽ አልተዘረጋላቸውም። የጊዜው ጋዜጦች ቆሻሻ፣ በሽተኛ እያሉ ይጽፉባቸው ነበር። ከተማው ሲሰፋ እስከ 1960 ገደማ ድረስ ተነሡ። "ለልማት ተነሡ" የሚለውን ቃል እኛ እናውቀዋለን። ከአዲስ አበባ እምብርት ተነሥቶ ዳር የተጣለ ዘመድ የሌለው ማን አለ?

አዳሪ ትምህርት ቤቶቹን ብዙዎቻችን ሰምተናል። ከ150 ሺህ በላይ ሕፃናት ከቤታቸው ተወስደው፣ ቋንቋቸውን ሲናገሩ እየተቀጡ ያደጉባቸው ናቸው። የመጨረሻው የተዘጋው መቼ ይመስላችኋል? በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ደርግ ወድቆ ከርሞ ነበር። እዚያ ያደገ ሰው ዛሬ አያት ነው። ልጅ አሳድጎ ለማያውቅ ተቋም ተሰጥቶ ያደገ ሰው፣ ልጅ ማሳደግን ከማን ይማር?

ከሁሉ የሚያመኝ ግን አሁንም ያልቆመው ነው። ከ15 ዓመት በታች ካሉ የካናዳ ልጆች ነባሮቹ 8 በመቶ አይሞሉም። በአሳዳጊ ቤት ካሉት ልጆች መካከል ግን ከግማሽ በላይ ናቸው። እዚህ ማኒቶባ፣ ዊኒፔግ ባለችበት ፕሮቪንስ (ክፍለ ሀገር)፣ እስከ 2020 ሐምሌ ድረስ የሚሠራበት አሠራር ነበር። የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ስለ አንዲት ነፍሰ ጡር አስቀድሞ ለሆስፒታሉ ያሳውቃል። ስትወልድ ይደወላል። ሕፃኑ ከእናቱ ሊወሰድ ይችላል። እኛ ዘንድ አራስ ስትገላገል "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ይባላል። ገንፎ ይገነፋል፣ ጎረቤት ይሞላል። እነዚህ እናቶች ዘንድ በሩን የሚያንኳኳው ሌላ ነበር። ያ ልጅ አድጎ ከአሳዳጊ ቤት ሲወጣ፣ ብዙ ጊዜ ዋስ የሚሆነው ዘመድና የሚያርፍበት ቤት ሳይኖረው ከተማው ላይ ይለቀቃል። ከዚያ እኛ መንገድ ላይ እናየውና "ሰነፍ" እንላለን።

ፍርሃቱንም አልክድም። ማታ ታክሲ ከሚነዱ ወንድሞቻችን ክፉ የገጠማቸው አሉ። መሀል ከተማ ምሽት ላይ እንግልት የደረሰባት እህት አለች። በደል በደል ነው። ግን የምናየው የሰከረውን ብቻ ነው። ጠዋት ሆስፒታል ፈረቃ የሚገባውን፣ የሚያስተምረውን፣ አውቶቡስ የሚነዳውን "እነሱ" ብለን አንቆጥረውም። በ2008 በዚህ ከተማ አንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውስጥ፣ እግሮቹ የተቆረጡ አንድ የፈርስት ኔሽን ሰው ዊልቸር ላይ ተቀምጦ 34 ሰዓት ጠበቀ። በሽታው በቀላሉ የሚታከም ኢንፌክሽን ነበር። ሐኪም ሳያየው ሞተ። ሰክሮ የተኛ፣ ወይም ከብርድ የተጠለለ የመሰላቸው ነበሩ። ግምት ሰው ይገድላል የምለው ለዚህ ነው። የእኛም ግምት ከዚያው ወንዝ የተቀዳ ነው።

ቢሮ ለቢሮ መንገላታትን እኛ አሳምረን እናውቃለን። እነሱም እንዲሁ ናቸው። ከሪዘርቭ የወጣ ሰው ፌደራሉ ጋ ሲሄድ "የፕሮቪንሱ ጉዳይ ነው" ይባላል። ፕሮቪንሱ ጋ ሲሄድ "የፌደራሉ ነው" ይባላል። በ2016 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሜቲሶችና መዝገብ ላይ የሌሉትም በፌደራሉ ሥልጣን ሥር ናቸው ብሎ እስኪወስን ድረስ፣ ብዙዎቹ የማንም አልነበሩም።

በዚህ ሁሉ መሀል የሠሩትን ሳይ እደነቃለሁ። እኛ ኮሚኒቲ የምንለውን ዓይነት ቤት፣ የወዳጅነት ማዕከል ብለው በ1959 እዚሁ ዊኒፔግ ከፈቱ። ከገጠር የመጣው ሥራና መጠለያ የሚጠይቅበት፣ የአገሩን ሰው የሚያገኝበት ቤት ነው። ሂጊንስ ጎዳና ላይ ያለው አሮጌ ባቡር ጣቢያ ድሮ ከአውሮፓ የመጡ ስደተኞች የሚወርዱበት ነበር። ዛሬ የእነሱ ነው፤ ሙያ ያሠለጥኑበታል። በ2022 ደግሞ የቀድሞ የጦር ካምፕ ከነበረው 160 ኤከር መሬት አብዛኛው ተመለሰላቸው። ናዊ-ኦዴና ብለውታል። በዚያው ዓመት፣ በ1926 የተከፈተው የሃድሰንስ ቤይ ኩባንያ ሕንፃ ለደቡብ ማኒቶባ የፈርስት ኔሽንስ አለቆች ድርጅት ተሰጠ። ቤቶች ሊሠሩበት አቀዱ። በምድራቸው ላይ ለዘመናት የነገደው ኩባንያ ሕንፃ! በ2023 ዋብ ኪኑ የማኒቶባ ፕሪምየር ሆነ፤ ፕሮቪንስ ለመምራት ከፈርስት ኔሽንስ የመጀመሪያው ሰው።

ከ2021 ጀምሮ የዜግነት መሐላው ተለውጧል። ዛሬ የሚምል አበሻ የነባር ሕዝቦችን መብት የሚያውቀውን ሕገ መንግሥት ላከብር ብሎ ነው የሚምለው። በቤተ ክርስቲያን ስንት ጊዜ ስለ መሐላ ተሰብኮልናል። ይህኛው ከቀልድ አይቆጠርም።

ከድግሱ ሦስት ቀን በኋላ ለጋሼ ደወልኩላቸው። መቆጣታቸውን ፈርቼ ነበር። "አንዱ ግድግዳ አበላሽቶብኝ ነው እኮ" አሉኝ። "ከእኛስ ሰው ኪራይ ሳይከፍል የጠፋብዎ የለም?" አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። "ሁለት ናቸው" አሉ። "ከዚያ በኋላ ለአበሻ ማከራየት አቆሙ?" አላቆሙም። በዘር መከልከል፣ ዌልፌር (የመንግሥት ድጎማ) ላይ ነው ብሎ መመለስም በማኒቶባ ሕግ እንደሚያስጠይቅ ነገርኳቸው። ይህን አያውቁም ነበር። ከዚያ ራሳቸው አንድ ነገር አነሡ። እዚህ በመጡ በመጀመሪያው ክረምት፣ ልጆች ይዘው አምስት ቤት ጠይቀው ነበር። ክሬዲት የለህም፣ የሚያውቅህ የለም እየተባሉ አምስቱም "ተይዟል" አሏቸው። ስድስተኛው አከራይ ግን ምንም ሳይጠይቅ ቁልፍ ሰጣቸው። ስሙን እስከ ዛሬ ያስታውሱታል።

ቤዝመንቱ አሁንም ባዶ ነው። ማስታወቂያው ወጥቷል። ለደወለ ሁሉ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ከፍተው ለማሳየት ቃል ገብተውልኛል።