ማስተካከያ፦ ስለ ጽጌረዳ ቅጠል በሽታዎች

ስለ ግቢ ጽጌረዳ አያያዝ ቀደም ሲል ባቀረብነው ጽሑፍ፣ በቅጠል ላይ የሚወጣው ጥቁር ነጠብጣብም ሆነ ነጭ ዱቄት የሚመስለው አመዳይ ሁለቱም ቅጠል ሲርስ እንደሚመጡ፣ መከላከያቸውም አንድ እንደሆነ መግለጻችን ስሕተት ነበር።

ሁለቱም የፈንገስ በሽታዎች ቢሆኑም ጠባያቸው የተለያየ ነው። የጥቁር ነጠብጣብ ፈንገስ ተክሉን የሚይዘው ቅጠሉ ሳይደርቅ ለ7 ሰዓታት ያህልና ከዚያ በላይ እርጥብ ሆኖ ሲቆይ ነው፤ በክረምት የሚብሰውም፣ አመሻሽ ላይ በጎማ ከላይ የሚጠጣ ጽጌረዳ ቶሎ የሚጠቃውም በዚሁ ምክንያት ስለሆነ፣ ውኃው ጠዋት፣ ያውም ከሥሩ ብቻ ቢሆን ይመረጣል። አመዳይ ግን የቅጠል መራስ አያስፈልገውም፤ እንዲያውም ቅጠሉ ላይ የሚያርፍ ውኃ የፈንገሱን ዘር እንዳይበቅል ያውከዋል። ስለዚህ ዝናቡ ካባራ በኋላ ቀኑ ሞቅ፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ሲል መታየቱ ሊያስገርም አይገባም። ለእሱ የሚበጀው የተጨናነቀውን ቅርንጫፍ ገርዞ አየርና ፀሐይ ማስገባት ነው።

የረገፈው ቅጠል ለማዳበሪያነት ከሥሩ ይተው ያልነውም መታረም አለበት፤ የጥቁር ነጠብጣብ ፈንገስ በወደቀው ቅጠል ላይ ስለሚቆይ ተለቅሞ መወገድ ይኖርበታል።

በመጨረሻም፣ ድኝ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ይረጭ የሚለው ምክር ተሰርዟል። ድብልቁ ቅጠል ያቃጥላል፤ በሁለቱ ርጭቶች መካከል ቢያንስ 2 ሳምንት ሊያልፍ ይገባል። ድኝ ብቻውንም ቢሆን ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ አይረጭም፤ ይህ ከአዲስ አበባ ይልቅ የአዳማና የድሬዳዋ አንባቢዎቻችንን ይመለከታል።