የባርሴሎናውን እቅፍ ያመጣው ፖለቲካ ነው

በጋዛው ጦርነት ምክንያት «እስራኤል ከእግር ኳስ ትታገድ» የሚለው ጥያቄ ሲበረታ፣ የፊፋው ፕሬዚዳንት ጂያኒ ኢንፋንቲኖ ፊፋ የጂኦፖለቲካ ችግሮችን መፍታት አይችልም አሉ። ይህ በኦክቶበር 2025 ነበር። በዲሴምበር ግን ዋሽንግተን ላይ፣ በዓለም ዋንጫው የዕጣ ማውጫ መድረክ፣ ለዶናልድ ትራምፕ የሰላም ሽልማት ሰጡ። ከዚህ በኋላ «ስፖርትና ፖለቲካ አይገናኙም» የሚለኝ ሰው ደሜን ያፈላዋል።

በተለይ የባርሴሎናን ኦሊምፒክ እየጠቀሰ የሚከራከረኝ። «ስፖርት ብቻውን ሰው ያፋቅራል፤ ደራርቱንና ኤላናን ተመልከት» ይለኛል።

እሺ፣ እንመልከታቸው። እ.ኤ.አ. 1992፣ የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ። ነጯ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ሜየር ከቡድኑ ተነጥላ ወጣች። ደራርቱ ቱሉ ከኋላዋ ተለጠፈች። ዙር በዙር ዝም ብላ ተከተለቻት፤ መጨረሻ ላይ ጥላት ተፈተለከች። መስመሩን ካለፈች በኋላ ግን ቆማ ጠበቀቻት። ተቃቀፉ። እጅ ለእጅ ተያይዘው ትራኩን ዞሩ። እኔ ዛሬም ሳየው እንባዬ ይመጣል።

ግን ኤላና እዚያ እንዴት ደረሰች? አገሯ ከ1960ው የሮም ኦሊምፒክ በኋላ 32 ዓመት ውጭ ቆይታለች። ደጅ ያቆማት በአፓርታይድ፣ ማለትም በዘር መድልዎ ሥርዓቷ፣ የተነሳ የመጣባት እገዳና አድማ ነው። ነገሩ ደግሞ ከእኛው ሰፈር ነው የጀመረው። በ1957 ካርቱም ላይ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሲዘጋጅ፣ ደቡብ አፍሪካ ወይ ሁሉም ነጭ ወይ ሁሉም ጥቁር የሆነ ቡድን ካልሆነ አልልክም አለች። እንግዲያው ቅሪ ተባለች። ዕጣዋ ከእኛ ጋር ነበርና ሳንጫወት ፍጻሜ ገባን፤ ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈን። ከብዙ ድሎቻችን ይልቅ የምኮራው በዚያ ባልተደረገ ጨዋታ ነው። ይድነቃቸው ተሰማም ያንን አቋም ይዘው ፊፋ ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን ተሟገቱ።

«አድማ የሚጎዳው አትሌቱን ነው» የሚሉም አሉ። አዎ፣ ይጎዳል። ኒውዚላንድ የራግቢ ቡድኗን ወደ አፓርታይድ አገር ስለላከች አፍሪካ በ1976 የሞንትሪያልን ኦሊምፒክ ጥላ ወጣች፤ ምሩፅ ይፍጠርም አልሮጠም። ፊንላንዳዊው ላሲ ቪረን 5 ሺውንም 10 ሺውንም ወሰደ። ምሩፅ ቢኖር ወርቁ የእሱ ነበር፤ ማንም ሌላ ቢለኝ አልሰማም። ግን በዓመቱ የኮመንዌልዝ መሪዎች ከደቡብ አፍሪካ ጋር የሚደረግን የስፖርት ግንኙነት ለመግታት ስኮትላንድ ውስጥ፣ ግሌንኢግልስ ላይ ተስማሙ። ሁሉም እሺ ብሎ ቢሮጥ ኖሮ ማን ዞር ብሎ ያይ ነበር?

ሕጉም የሚጠነክረው በደካማው ላይ ነው። ማራቶን ሯጩ ፈይሳ ሌሊሳ በ2016 ሪዮ ላይ መንግሥትን ተቃውሞ እጆቹን ሲያጣምር፣ የፖለቲካ ተቃውሞን የሚከለክለው የኦሊምፒክ ቻርተር አንቀጽ 50 ተመዘዘ። ለፕሬዚዳንት ሜዳሊያ ሲሰጥ ግን አንቀጽ የሚጠቅስ የለም።

ደራርቱ ያቀፈቻት ኤላና የመጣችው ያ ሁሉ እምቢታ በከፈተላት በር ነው። እባካችሁ ደራርቱን ለዝምታችሁ ምስክር አታድርጓት።