የኦዲት ሪፖርቱ ሲነበብ ወዴት ትሄዳላችሁ?

ከየአጥቢያችሁ ተመርጣችሁ ወደ ዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤ የምትላኩ የወንጌል አማኝ ወገኖቼ፣ ሽማግሌዎች፣ ዲያቆናት፣ ወንጌላውያን፣ የሴቶችና የወጣቶች ተወካዮች፣ ይህን የምጽፍላችሁ ከእናንተው መካከል ሆኜ ነው። ለብዙ ዓመታት በዚያው ወንበር ተቀምጫለሁ፤ የምገሥጸውንም ጥፋት እኔ ራሴ ፈጽሜዋለሁ። ስለዚህ ቃሌ ቢመርራችሁ ከውጭ የተወረወረ ድንጋይ አድርጋችሁ እንዳትቆጥሩት እለምናችኋለሁ።

የጉባኤውን ቀን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጠዋት ድንኳኑ ጢም ብሎ ይሞላል፤ የየቀጠናው መዘምራን በየተራቸው ይዘምራሉ፤ ከሌላ ከተማ የተጋበዘው ሰባኪ ቃሉን ያካፍላል፤ እንግዶች ሰላምታ ያቀርባሉ፤ ከዚያም ምሳ ይበላል። ጉባኤው የተጠራበት ሥራ፣ ይኸውም ያለፈው ዓመት ቃለ ጉባኤ፣ የአገልግሎት ክንውኑ፣ የሒሳቡና የኦዲቱ ሪፖርት፣ የመጪው ዓመት ዕቅድና በጀት፣ የመተዳደሪያ ደንቡ ማሻሻያና ምርጫው የሚመጣው ሰው ሁሉ ከደከመ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ከተወካዩ ገሚሱ አውቶቡስ እንዳያመልጠው ይጣደፋል፤ ገሚሱ ከድንኳኑ ጀርባ ከሚያውቀው ሰው ጋር ወሬ ይዟል፤ የቀረውም የሪፖርቱን ጥራዝ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ያንቀላፋል።

ባለፈው ዓመት በተወካይነት በተገኘሁበት አንድ የዞን ጉባኤ የኦዲት ሪፖርቱ መነበብ የጀመረው ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነበር። ጥራዙ የታደለን በዚያው ዕለት ጠዋት ስለሆነ አንብቦት የመጣ ሰው አልነበረም። ኦዲተሩ ወንድማችን ዝግ ባለ ድምፅ እያነበበ «ደጋፊ ማስረጃ ያልቀረበለት ወጪ» ከሚለው አንቀጽ ሲደርስ ጥቂት ሰዎች ቀና አሉ፤ አንድ አረጋዊ ሽማግሌም እጃቸውን አወጡ። ሰብሳቢው ግን መምሸቱን አስታውሶ «ወገኖች፣ ዝርዝሩን ሥራ አስፈጻሚው ይየው፤ እኛ ሪፖርቱን በጸሎት እንቀበል» አለ። ሁላችንም «አሜን» አልን። የሽማግሌው እጅ ቀስ ብሎ ወረደ። በቃለ ጉባኤውም ላይ «ሪፖርቱ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ተብሎ ተጻፈ፤ ከፈራሚዎቹም አንዱ እኔ ነበርሁ።

ያቺ «አሜን» እስከ ዛሬ ትከነክነኛለች። አሜን ለእግዚአብሔር እውነት የምንሰጠው ምላሽ ነው፤ ደረሰኝ ላልተገኘለት ወጪ የሚሰጥ ማጽደቂያ አይደለም። ሪፖርት ማጽደቅ የሚፈልግ ጉባኤ ድጋፍና ተቃውሞ ይጠይቅ፣ እጅ ያስወጣ፣ ይቁጠር፣ ድምፀ ተዓቅቦውንም ይመዝግብ፤ ከዚያ በኋላ ይጸልይ። የጸሎትን ቃል በሰው ጥያቄ ላይ እንደ ክዳን መድፋት ግን ጥያቄውንም ጸሎቱንም ማቃለል ነው።

ደግሞስ የማን ገንዘብ እንደሆነ አስባችኋል? በደቡብ የገጠር አጥቢያዎች ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ። ጥሬ ገንዘብ የሌላት እናት እንቁላል በጨርቅ ጠቅልላ፣ ዶሮ አቅፋ፣ በቆሎ በቁና ሰፍራ ወደ ጸሎት ቤት ታመጣለች፤ ከአምልኮው በኋላ መባው በጨረታ ይሸጥና ብሩ በመዝገብ ይገባል። ከዚያ ብር ላይ አጥቢያው የተወሰነበትን ድርሻ ለቀጠናው ይልካል፤ ቀጠናውም ከእርሱ በላይ ላለው ጽሕፈት ቤት። እንግዲህ በመኪና ነዳጅ፣ በአበል፣ በአዳራሽ ግንባታ ስም ተጠቃልሎ በአንድ መስመር የተጻፈው ቁጥር ከሥሩ ቢገለጥ የዚያች እናት እንቁላል ነው። እርሷ በጉባኤው ላይ ወንበር የላትም። የላከችው እናንተን ነው። ልዑክ የተላከ ማለት ነውና የተላከ ሰው የላከውን ወገን ጉዳይ ሳያደርስና መልሱን ሳይዝ ወደ ቤቱ ሊገባ አይገባውም።

«መንፈሳዊ ሰው ስለ ገንዘብ አይከራከርም» የሚሉ ቅን ወገኖች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ሐሳባቸው ከጠብ ለመራቅ መሆኑንም አልጠራጠርም። ነገር ግን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን እንመልከት። የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ከዕለት ምግቡ ድርሻቸው በቀረ ጊዜ ወገኖቻቸው አጉረመረሙ፤ ሐዋርያትም ያጉረመረሙትን «ሥጋውያን» ብለው አልገሠጹአቸውም። ሕዝቡን ሁሉ ጠሩ፣ ችግሩን በፊታቸው አኖሩ፣ ሕዝቡም ራሱ ሰባት ሰዎች እንዲመርጥ አደረጉ። ለምግብ ዕደላ ሥራ የጠየቁት መመዘኛ ደግሞ መልካም ምስክርነት፣ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን እርዳታ ብቻውን ይዞ አልሄደም፤ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ወንድም አብሮት እንዲጓዝ ፈቀደ፤ ምክንያቱንም ሲናገር ማንም እንዳይነቅፈው በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም መልካም የሆነውን እንደሚያስብ ጻፈ። ጳውሎስ ለሒሳብ ምስክር ከፈለገ ለየትኛው የእኛ ጸሐፊ፣ ለየትኛው የእኛ መጋቢ ነው ምስክር የማያስፈልገው?

የአገራችንም አባቶች እንዲህ ቀላል አድርገው አልተሰበሰቡም። የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሚሲዮናውያን በጣሊያን ወረራ ምክንያት በ1929 ዓ.ም. ከወላይታ ሲወጡ የተዉአቸው የተጠመቁ አማኞች 48 ያህል ነበሩ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲመለሱ ቁጥሩ ወደ 10,000 ደርሶ አገኙት። በመካከሉ የውጭ ገንዘብም የውጭ መሪም አልነበረም። የየጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች እየተገናኙ መከሩ፣ የታሰሩትን ጠየቁ፣ ወንጌላውያንን መርጠው ወደ ጎረቤት ሕዝቦች ላኩ። እንደ ዋንዳሮ ዳባሮ ያሉት አባቶች ስለ እምነታቸው ተገርፈዋል፣ ታስረዋል። በደርግ ዘመንም መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ስትዘጋና መሪዎቿ ሲታሰሩ ምእመናኑ በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ እየተገናኙ ኖሩ፤ በተዘጋችበት ጊዜ 5,000 ያህል የነበረው አባል በሯ በተከፈተበት ጊዜ ወደ 34,000 ደርሶ ነበር። እኛ ዛሬ ድንኳን አለን፣ ድምፅ ማጉያ አለን፣ በ2012 ዓ.ም. የወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ካውንስላችን በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አግኝቷል። ለመሰብሰብ የሚከለክለን በሌለበት ዘመን ከስብሰባው ዋና ሥራ በገዛ እግራችን ወጥተን እንሄዳለን።

ቄስ ጉዲና ቱምሳን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ከአምልኮ ሲወጡ ተይዘው የተገደሉት እኚህ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ በሕይወት ሳሉ አጥብቀው ከያዟቸው ጉዳዮች አንዱ ቤተ ክርስቲያኒቱ ከውጭ እርዳታ ጥገኝነት ተላቅቃ ራሷን እንድትችል ነበር። እንደ እኔ ማስተዋል ራስን መቻል ከገንዘብ መብዛት አስቀድሞ የራስን ሒሳብ ከማወቅ ይጀምራል። ለውጭ ለጋሾች በየሩብ ዓመቱ በዝርዝር የሚላከው ሪፖርት ለገዛ ተወካዮቻችን በዓመት አንድ ጊዜ፣ እርሱም በመሸ ጊዜ በጥድፊያ የሚነበብ ከሆነ የቤቱ ባለቤት ማን እንደሆነ በተግባር ተናግረናል።

ነገሩ የጸሎት ቤት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከመቶው የአገራችን ሕዝብ 18.6 ያህሉ ፕሮቴስታንት መሆኑ ተመዝግቧል። ይህን ያህል ሕዝብ በየዓመቱ በሚያደርገው ጉባኤ መጠየቅን፣ መልስ መስማትንና ድምፅ መስጠትን ካልተለማመደ በቀበሌው ስብሰባና በመሥሪያ ቤቱ ከየት አምጥቶ ይለማመዳል? ስለ መንግሥት ባለሥልጣን ሙስና በምሬት የምትናገሩ ወገኖቼ፣ ቅዳሜ ዕለት ያለ ደረሰኝ የወጣውን የእግዚአብሔር ቤት ገንዘብ «አሜን» ብላችሁ ያጸደቃችሁት እናንተው ናችሁ።

ስለ ምርጫው ብዙ አልልም፤ ታውቁታላችሁና። ጥቆማው ገና ሳይከፈት በሻይ ሰዓት ስም ዝርዝር በጆሮ ይተላለፋል፤ «የወንዛችን ልጅ ነው» የሚለው ቃል ከመልካም ምስክርነትና ከጥበብ በልጦ ይመዘናል። በዚህ የምትመርጡ ሁሉ፣ የመረጣችሁት ሰው ነገ ሲያጠፋ እንዳትጠይቁት አስቀድማችሁ አፋችሁን ለጉማችኋል።

በጉባኤ ዝም ያለው አፍ ደግሞ ከጉባኤ በኋላ አይዘጋም። በየሻይ ቤቱ ይከፈታል፣ በየማኅበራዊ ሚዲያው የአገልጋዩን ስም ያነሣል፣ ቡድን ያበጃል፣ በመጨረሻም ጠበቃ ይዞ ፍርድ ቤት ይቆማል። ወንድም ወንድሙን ከሶ ጸሎት ቤት የታሸገበትን፣ ምእመናን ለሁለት ተከፍለው አንዱ ወገን በአንዱ ደጅ የቆመበትን አሳዛኝ ነገር ያላየ ከመካከላችን ማን ነው? የብዙው ጠብ መነሻ ቢፈለግ በአንድ ጉባኤ ላይ ሳይመለስ የታለፈ ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። ያ ሽማግሌ ያወጡት እጅ በጊዜው ቢሰማ ኖሮ ምናልባት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደረሰኙ ተፈልጎ በተገኘ ነበር።

ይህን ስል በየጽሕፈት ቤቱ ያሉትን የሒሳብ ሠራተኞች ሁሉ መጠርጠሬ አይደለም። አብዛኞቹ በአነስተኛ ደመወዝ በታማኝነት የሚያገለግሉ ናቸው፤ የእኛ ዝምታ አብዝቶ የሚጎዳውም እነርሱን ነው። ማንም የማይመረምር ከሆነ የታማኙና የአባካኙ መዝገብ በእኩል «አሜን» ያልፋል፤ ታማኙም ታማኝነቱ የሚታወቅበት ቀን አያገኝም።

እናንተ ሰብሳቢዎችና ዋና ጸሐፊዎች ደግሞ ስሙኝ። ሪፖርቱን ቢያንስ ከ15 ቀን በፊት ለየአጥቢያው ላኩ። ኦዲቱን ሕዝቡ ባልደከመበት በጠዋቱ ክፍለ ጊዜ አስቀምጡት፤ ከመዝሙሩ አንድ ሰዓት ቢቀነስ እግዚአብሔር አይቆጣም። ኦዲተሩን የመረጠው ጉባኤው ነውና ግኝቱን በቀጥታ ለጉባኤው ይናገር፤ ጽሕፈት ቤቱ አስቀድሞ አያለስልስለት። ባለፈው ዓመት «ይታያል» ተብሎ የተተወው ነገር ምን እንደደረሰ በቃለ ጉባኤው ንባብ ላይ በግልጽ ይነገር። ጠያቂውንም «የመከፋፈል መንፈስ» ብላችሁ አታሸማቅቁት።

ቀጣዩ ጉባኤያችን ተቃርቧል። እኔም ከአጥቢያዬ ተመርጫለሁ። ቃለ ጉባኤው ሲነበብ ባለፈው ዓመት ስለ ፈረምሁበት «ሙሉ ድምፅ» እርማት እጠይቃለሁ፤ የኦዲቱ ተራ ሲደርስም ያንን ማስረጃ ያልቀረበለትን ወጪ በስሙና በመጠኑ አነሣለሁ፤ አረጋዊው ሽማግሌ በሕይወት አሉና ከጎናቸው እቀመጣለሁ። እናንተ ደግሞ የመመለሻ ትኬታችሁን ለማግሥቱ ቁረጡ፣ ጥራዛችሁን አንብባችሁ ኑ፣ ድምፅ እስኪቆጠር ድረስም ከወንበራችሁ አትነሡ።