ይግባኝ ማለት ብቻውን ፍርድ አያስቆምም

ወንድሜ፣ ለኮምቦልቻው የአክሲዮን ባለጉዳይ «ይግባኝ በል እንጂ ፍርዱ በራሱ ይቆማል» ያልከው ልክ አይደለም። ደሴ ፒያሳ ቡና ላይም ይህ ወሬ እንደ ሕግ ይነገራል! በ1958 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ቁጥር 332፣ የሚለው ተቃራኒውን ነው፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እግድ ካልሰጠ አፈጻጸሙ ይቀጥላል። ስለዚህ ከይግባኙ ጋር የእግድ አቤቱታም ይግባ። የሚደርሰው ጉዳት በግልጽ ይጻፍ። አክሲዮኑ ለሌላ ሰው ከዞረ በኋላ ይግባኙን ቢያሸንፍ ምን ይፈይድለታል? ዋስትና ሊጠየቅም ይችላልና ከወዲሁ ያስብበት። ለይግባኙ 60 ቀን አለው፤ የፍርድ ባለመብቱ (የተፈረደለት ወገን) ግን ያንን አይጠብቅለትም። የግብር እና የመንግሥት ሠራተኛ ክርክሮች የየራሳቸው አዋጅ ስላላቸው፣ እነሱን በዚህ የ60 ቀን ገደብ አትለካቸው።