ስድስት ዓመት ለማጅ

ዛሬ ልጻፈውና ይውጣልኝ። ከሰኞ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

ለንደን ውስጥ በሞተር ምግብ ማድረስ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት አለፈኝ። የምነዳው ሆንዳ ፒሲኤክስ 125 ነው። በሳምንት ስድስት ቀን፣ በቀን አሥር ሰዓት። በዝናብ ነድቻለሁ፣ በበረዶ ነድቻለሁ፣ ጣቴ ደንዝዞ ፍሬን መያዝ እስኪያቅተኝ ነድቻለሁ። ይሄ ሁሉ ሆኖ በሕጉ ዓይን ዛሬም ለማጅ ነኝ። ከፊትም ከኋላም ነጭ ላይ በቀይ የተጻፈች «ኤል» ለጥፌ ነው የምዞረው። ሀገር ቤት የማሠልጠኛ መኪና ላይ «ለማጅ» እንደሚባለው ማለት ነው።

ነገሩን ለማታውቁ ላስረዳ። እዚህ እንግሊዝ ሲቢቲ የሚባል ሥልጠና አለ። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ያልቃል። ፈተና የለውም። አሠልጣኙ ለመንገድ ትሆናለህ ብሎ ካመነብህ ወረቀቱን ይሰጥሃል። በዚያ ወረቀት እስከ 125 ሲሲ ትነዳለህ። ሞተርዌይ የሚባለው ፈጣን አውራ ጎዳና ላይ መግባት አትችልም። ሰው ከኋላ መጫን አትችልም። ወረቀቱ ሁለት ዓመት ይሠራል፣ ከዚያ ይቃጠላል። ሲቃጠል ሄደህ ያንኑ ሥልጠና እንደ አዲስ ትወስዳለህ። እንደገና ሁለት ዓመት። እንደገና ሁለት ዓመት። ማቆሚያ የለውም። እኔ አሁን አራተኛዋ ላይ ነኝ። አብረውኝ ከሚሠሩት ልጆች ደግሞ ከዚህ ወረቀት ያለፈ ያለው ስንት እንደሆነ በአንድ እጅ እቆጥርላችኋለሁ።

ሀገር ቤት ሞተር የነዳሁ ሰው ነኝ። ሀዋሳ እያለሁ ሥራዬ በሞተር ነበር። ግን የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ እዚህ አይቀየርም። ነዋሪ ከሆንክበት ቀን ጀምሮ 12 ወር ያገለግልሃል፣ ከዚያ ዜሮ ነህ።

«ትልቅ ሞተር ምን ይሠራልሃል? ልትሞት ነው?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እናቴም በስልክ ትለኛለች። ስለዚህ ባለፈው ኅዳር የሆነውን ልንገራችሁ።

እህቴ ኦክስፎርድ ነው የምትኖረው። ወለደች፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ ልል ተነሳሁ። ባለቤቴን ከኋላ ማስቀመጥ ስለማልችል እሷ የገንፎውን ዱቄትና ቅቤውን ይዛ በአውቶብስ ሄደች። እኔ በሞተሬ በኤ40 ወጣሁ። ከለንደን ወደ ምዕራብ ሲወጡ ያ መንገድ ሰፊ ነው፣ መኪናው በሰዓት 70 ማይል ይበራል። የኔዋ ከፊት ንፋስ ሲመታትና ዳገት ሲገጥማት ከ50 ብዙም አታልፍም። ዝናቡ ይወርዳል። አንድ ተሳቢ ከኋላዬ መጣ። መጀመሪያ በቀኙ ስፖኪዮ መብራቱን አየሁ። ትንሽ ቆይቶ በሁለቱም ስፖኪዮ ከሱ በስተቀር ምንም አይታየኝም። ነዳጁን እስከ መጨረሻው ይዤዋለሁ፣ የሚጨመር የለም። እሱም ሊያልፈኝ አልቻለም፣ ጎኑ መኪና በመኪና ነው። በመጨረሻ ሲያልፈኝ የጎማው ውኃ ፊቴን ሸፈነው፣ ንፋሱ ወደ ዳር ገፋኝ። ለሦስት ወይም ለአራት ሰከንድ ምንም አላየሁም። ከዚያ ሞተርዌዩ ሳይጀምር ወጥቼ በድሮው መንገድ፣ በየከተማው መሀል እየተሽሎከለኩ ሦስት ሰዓት ሊሞላኝ ሲል ደረስኩ። ባለቤቴ ቀድማኝ ገብታ ገንፎው ተበልቶ አልቋል።

ትልቅ ሞተር የምፈልገው ለዚህ ነው። ለመብረር አይደለም። አደጋ ሲመጣብኝ የምሸሽበት ጉልበት እንዲኖረኝ ነው። ባለቤቴን ይዣት እህቴ ቤት እንድሄድ ነው።

እሺ ብዬ ጀመርኩ። የመጀመሪያው የጽሑፍ ፈተና ነው፣ 23 ፓውንድ። 50 ጥያቄ ነው፣ 43ቱን መመለስ አለብህ። ቀጥሎ አደጋ ሊፈጠር ሲል ቀድመህ የምትለይበት ቪዲዮ አለ፣ ከ75 ነጥብ 44 ይፈልጋል። እኔ አለፍኩ። ግን አንድ ጓደኛ አለኝ፣ ጎንደር ያደገ። ከሁላችንም በላይ ተረጋግቶ የሚነዳ እሱ ነው። አራት ጊዜ ወደቀ። ፈተናው ከ2014 ወዲህ በእንግሊዝኛና በዌልሽ ብቻ ነው፣ ድሮ የነበረው አስተርጓሚም በሌላ ቋንቋ የሚነበብ ድምፅም ቀርቷል። ሰውየው የመንገድ ምልክቱን በሙሉ ያውቀዋል፣ በእንግሊዝኛም ከደንበኛ ጋር ይግባባል። የጥያቄው አጠማዘዝ ነው የሚጥለው። አሁን ተስፋ ቆርጦ አራተኛ ሲቢቲውን ሊያድስ ነው።

ከጽሑፉ ቀጥሎ ሥልጠና ነው። ዕድሜዬ ከ24 በላይ ስለሆነ በቀጥታ ለትልቁ መፈተን እችላለሁ። ከዚያ በታች ያሉት ልጆች ደግሞ 35 ኪሎዋት በሆነው መካከለኛ ሞተር ተፈትነው፣ ሁለት ዓመት ቆይተው እንደገና ለትልቁ ይፈተናሉ። ሁለት ጊዜ ገንዘብ፣ ሁለት ጊዜ ቀጠሮ። ለኔ የተጠየቅኩት ወደ 1,000 ፓውንድ ነው። በዚያ ላይ አምስት የሥራ ቀን። ደመወዝተኛ ፈቃድ ይወስዳል። እኔ ካልነዳሁ አልበላም። እነዚያ አምስት ቀናት የግማሽ ወር የቤት ኪራይ ናቸው።

ሥልጠናው ላይ የሆነው ግን ከገንዘቡ በላይ አናደደኝ።

650 ሲሲ ሞተር ሰጡኝ። ከኔዋ ከ50 ኪሎ በላይ ትከብዳለች። እሱን ለመድኩት። ያልለመድኩት ግራ እጄን ነው። ፒሲኤክስ ላይ በግራ እጅ የሚያዘው የኋላ ፍሬን ነው። 650ው ላይ በግራ እጅ የሚያዘው ፍሪሲዮን ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ግራ እጄ «ደንግጥ፣ ጨብጥ፣ ቁም» ብሎ ተምሯል። ሀዋሳ የማውቀው ፍሪሲዮን ከእጄ ጠፍቷል።

አሠልጣኙ ጎበዝ ሰው ነበር፣ አመሰግነዋለሁ። በሁለት ቀን ያስተማረኝን በስድስት ዓመት ማንም አልነገረኝም። ከመታጠፌ በፊት ትከሻዬን አልፌ ዞሬ እንዳይ። መንገዱ መሀል የት ቦታ ብይዝ ሾፌሩ እንደሚያየኝ። ማጠፊያ ስገባ ዓይኔን የት እንደማሳርፍ። እርጥብ መንገድ ላይ የፊት ፍሬን ቀስ ብሎ እንዴት እንደሚጨበጥ። ስሰማ ሆዴ ባር ባር አለኝ። ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ፣ አንዴ አንገት አጥንቴ ተሰብሮ ሁለት ወር ሥራ ፈትቻለሁ። ያኔ ትከሻዬን ዞሬ ባይ ኖሮ ያ ቫን ይታየኝ ነበር።

ታዲያ ይሄን ዕውቀት 1,000 ፓውንድ ላለው ሰው ብቻ ለምን አስቀመጡት? ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ የምንውለው እኛ ነን። ሌሊት የምንነዳው እኛ ነን። ፀሐይ ሲወጣ ትልቅ ሞተሩን ከጋራዥ የሚያወጣው ሰው በደንብ ሠልጥኗል፣ ደስ ይበለው። እኛን ግን በአንድ ቀን ሥልጠና አሥር ዓመት ሲያነዱን ማንም ግድ የለውም። ትዕዛዝ የሚልኩልን ድርጅቶችም ከዚያች ወረቀት በላይ አይጠይቁም። በላባችን ያተርፋሉ፣ አንድ ቀን ግን «ኑ፣ ግማሹን እንክፈልላችሁና ሠልጥኑ» ብለው አያውቁም።

ፈተናው ይቅር አላልኩም። ፈተናው ይኑር፣ ይክበድም። በሩ ግን ይከፈት ነው የምለው። ስድስት ዓመት ሳላጠፋ የነዳሁት ጊዜ በሆነ መንገድ ይቆጠርልኝ። ወይም ያ ሁለተኛ ቀን ሥልጠና ለእኛ ለሠራተኞቹ ሲቢቲ ስናድስ አብሮ ይሰጠን። ያንኑ የመጀመሪያ ቀን ትምህርት አራት ጊዜ ከመድገም ይሻላል።

ሰኞ የመጀመሪያው የተግባር ፈተና ነበር፣ ከመንገድ ውጭ በተከለለ ሜዳ ላይ የሚሰጠው። ክፍያው 15 ፓውንድ ከ50 ነው። በኮኖቹ መሀል ጠመዝማዛውን አለፍኩ፣ ስምንት ቁጥሩን አለፍኩ፣ በዝግታ መንዳቱን አለፍኩ። ቀጥሎ በሁለት መስመር መሀል ዞሮ መመለስ ነው። ግማሹን ዞርኩ። ፍጥነቷ ትንሽ በዛችብኝ፣ ግራ እጄ እንደለመደው ጨበጠ። ፍሬን መስሎት። ፍሪሲዮኑ ሲያዝ ሞተሯ ጉልበቷን ጣለች፣ በአንዴ ወደ ውስጥ ተኛች። በእግሬ ደገፍኳት፣ የፊት ጎማዋ መስመሩን አለፈ። አለቀ። ፈታኙ በትሕትና ነገረኝ። ሌላውን ሁሉ ጥሩ ሠርተሃል አለኝ። ያንን ሲለኝ ይበልጥ አመመኝ።

ማታ ለሌላ ቀን ደወልኩ። ትልቁን ሞተር ያለ አሠልጣኝ መንካት ስለማይፈቀድ ቀጠሮው፣ የትምህርት ቤቱ ሞተርና አሠልጣኙ ሦስቱም መገጣጠም አለባቸው። ሰባት ሳምንት ጠብቅ አሉኝ። ስልኩን ያነሳው ልጅ «ምን አስቸኮለህ፣ እስከዚያ በ125ህ ሥራ» አለኝ።

ያስቸኮለኝን ልንገረው። የጽሑፍ ፈተና ውጤት የሚቆየው ሁለት ዓመት ነው። እኔ ገንዘብ እስካጠራቅም፣ አጥንቴ እስኪድን ጊዜው ሄዷል። የኔ ሊቃጠል አሥራ አንድ ሳምንት ቀርቶታል። በዚያ ውስጥ ይሄንን አልፌ፣ ሁለተኛውን የመንገድ ላይ ፈተና በ75 ፓውንድ ይዤ፣ እሱንም ማለፍ አለብኝ። አንዱ ካልደረሰ ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀመራል፣ ጽሑፉም ጭምር።

ስለዚህ አሁን ሥራዬ ስልክ ማየት ሆኗል። የሆነ ሰው ቀጠሮ ሲሰርዝ ክፍት ቦታው ይወጣል። ምግብ ቤት በር ላይ ትዕዛዝ ስጠብቅ አያለሁ፣ ቀይ መብራት ላይ ማየት አማረኝና ራሴን ከለከልኩ፣ ሌሊት ስነቃ አያለሁ። ይሄን እየጻፍኩ እንኳ ሁለት ጊዜ ገብቼ አየሁ። የለም።