የትንፋሽ ማጠር በእርጅና ብቻ አይሳበብ

ስለ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያነበብኩት ጽሑፍ፣ ሕመሙ ያለባቸው ሰዎች የትንፋሽ ማጠርን ከዕድሜ ጋር ስለሚያያይዙት ወደ ሕክምና ዘግይተው እንደሚሄዱ መግለጹ ትክክል ነው፤ ሆኖም መዘግየቱ የታማሚው ብቻ እንዳልሆነም ሊሰመርበት ይገባል። አባቴ ደረጃ ሲወጡ መሃል ላይ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ማሰሪያ ያጠብቁ ነበር፤ ለካስ ትንፋሽ አጥሯቸው ማረፋቸው ኖሯል። ሐኪም ዘንድ ከሄዱ በኋላም ደጋግመው የሳል ሽሮፕና አንቲባዮቲክ ይዘው ከመመለሳቸው በቀር፣ ስፓይሮሜትሪ የሚባለውን የትንፋሽ ምርመራ ለረጅም ጊዜ ያዘዘላቸው አልነበረም።

ይህ ምርመራ በመጀመሪያው 1 ሰከንድ በኃይል የሚወጣውን አየር በአንድ ትንፋሽ ከሚወጣው ጠቅላላ አየር ጋር የሚያነጻጽር ሲሆን፣ የአየር ቧንቧን የሚያሰፋ መድኃኒት ከተወሰደ በኋላም ውጤቱ ከ0.70 በታች ከሆነ ቧንቧዎቹ መጥበባቸውን ያመለክታል። የደረት ራጅ ግን በሽታውን በጅምሩ ላያሳይ ስለሚችል፣ «ራጁ ንጹሕ ነው» መባሉ ብቻውን ሊያዘናጋን አይገባም። ሲጋራ ያጨሱ ሰዎች ወቀሳን ፈርተው ሕመማቸውን ይደብቃሉ፤ አጭሰው የማያውቁ ነገር ግን ለዓመታት በማገዶ ጭስ ውስጥ ያበሰሉ ሴቶች ደግሞ ጨርሶ አይጠረጠሩም፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የእነርሱ ጉዳይ ነው። አንዴ የተጎዳ ሳንባ ወደ ቀድሞ ጤንነቱ ባይመለስም፣ ማጨስን ማቆምና በጊዜ የተጀመረ ሕክምና ቀሪውን አቅም ለማቆየት ይረዳሉ።